ግእዝ የተጻፈበት ክዳን፦ ከመቃብር ቮልት ወርክሾፕ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ሥራው ዛሬ ተፈቀደ። የእድራችን ሽማግሌዎች የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ በቮልት ክዳን ላይ የእኛ መስቀልና የግእዝ ጽሑፍ ይውጣ። እስካሁን ከካታሎግ የሚመረጠው የላቲን መስቀል፣ ጽጌረዳ፣ ለጸሎት የተጋጠሙ እጆች ወይም የአሜሪካ ባንዲራ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ፊደል ዳዊት ሲደግም የኖረ ሰው በላዩ የሚዘጋው ክዳን ፊደሉን ቢይዝ ደስ ይለኛል። አለቃዬ «ሞልዱን አንተ ሥራ፣ ኮንክሪቱን እኛ እንሞላለን» አለችኝ፤ ሞልድ ማለት ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ ነው። ሌላ ከተማ ያለ እድር ይህን መሥራት ቢያምረው ከዜሮ እንዳይጀምር የምሠራውን እየጻፍኩ አስቀምጣለሁ።

ቮልት ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ አሜሪካ ውስጥ የሬሳ ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ አፈር ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ የኮንክሪት ሣጥን ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል። የሬሳ ሣጥኑ እዚያ ውስጥ ይወርዳል። ክዳኑ ይገጠማል፣ ከዚያ አፈሩ ይመለሳል። የተለመደው መጠን ከውስጥ 86 በ30 ኢንች ነው፤ ማለትም 2 ሜትር ከ18 በ76 ሴንቲ ሜትር። ከነክዳኑ አንድ ቶን አካባቢ ይመዝናል። አዲስ አበባ በየደብሩ የምናውቀውን ፉካ አስቡ። ያኛው ከመሬት በላይ በግንብ ተደራርቦ ይሠራል፣ ይሄኛው ከመሬት በታች ለብቻው ይቀበራል።

ማክሰኞ

ዛሬ ሞልዱ የሚያርፍበትን ጠረጴዛ ሳጸዳ ዋልኩ። አሮጌው ባለቤት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግን ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን ይዘው ይመጣሉ። ወርክሾፑን የመሠረቱት አባታቸው ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሰው መጀመሪያ ብሎኬትና የፍሳሽ ታንክ ይሠሩ ነበር። አንድ ክረምት ላይ የሰፈሩ ቀባሪ ቤት «ሣጥን የሚችል ታንክ ትሠራልኛለህ?» ብሎ ጠየቃቸው። ካሳፎርማው የእንጨት ነበር። ኮንክሪቱ በአካፋ ይቦካል። ሌሊት ስልክ የሚያነሱት እናታቸው ነበሩ፤ ሰው ሞተ የሚለው ስልክ ሰዓት አይመርጥም። ትዕዛዙን በእርሳስ የጻፉበት ደብተር አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። ስም፣ መካነ መቃብር፣ ሰዓት፣ «ዝናብ ከሆነ ድንኳኑ ትልቁ»። ይቺን መስመር ሳነብ አገር ቤት የእድር ዕቃ ቤት ያለው መዝገብ ትዝ አለኝ፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ማን ወሰደ፣ ማን መለሰ።

ቤቱ አሁን በልጅ ልጃቸው እጅ ነው፤ አለቃዬ እሷ ናት። ሥራው ኮንክሪት ማምረት ብቻ አይደለም። ቮልቱን በክሬን መኪና መካነ መቃብሩ ድረስ ማድረስ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ድንኳንና ወንበር መትከል፣ የሬሳ ሣጥኑን የሚያወርደውን መሣሪያ መግጠም፣ በመጨረሻ ክዳኑን መዝጋት ሁሉ የእነሱ ነው። የቀባሪ ቤቱ ሰዎች ሱፍ ለብሰው ከፊት ይቆማሉ። የቮልት ቤቱ ሰዎች ዛፍ ሥር፣ ከመኪናው ጀርባ ይጠብቃሉ። ብዙ ለቀስተኛ እነሱ መኖራቸውንም አያውቅም።

የፍሳሽ ታንኩን ሥራ ግን አልተዉትም። አሜሪካ ውስጥ ከሚሞተው ሰው አሁን ከግማሽ በላይ የሚሆነው አስከሬኑ ይቃጠላል እንጂ አይቀበርም። የቮልት ትዕዛዝ በዚያው ልክ ቀንሷል። ቤቱን ያቆየው በጎን ያለው ታንክና ለአመድ ማስቀመጫ የሚሆነው ትንሹ ቮልት ነው።

ረቡዕ ማታ

ጽሑፉን ቀሲስ መረጡልን፦ «ተዘከረኒ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ»፤ አቤቱ በመንግሥትህ አስበኝ ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ፊደል ነው። በሁለት መስመር ይገባል። ከበላዩ መስቀሉ።

መስቀሉ ላይ ክርክር ነበር። ጋሼ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የላሊበላውን ፈልገው ነበር። ያምራል፣ ግን ለኮንክሪት አይሆንም። ሐረጉ ቀጫጭን ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ነው። የምንጠቀመው ጠጠር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በቀጠነ መስመር ውስጥ ጠጠሩ አይገባም፤ የሚገባው የሲሚንቶና የአሸዋ ልቁጥ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከሞልዱ ሲላቀቅ ይሰበራል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ሲያዩ ቆዩና «እንግዲያው ክንዱ ሰፋ ይበል፣ ሐረጉን ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ አድርገው» አሉኝ። ልክ ናቸው። እንደዚያ ሲሆን እንዲያውም ከሩቅ ይታያል።

ዓርብ

ፊደሉን በትክክለኛ መጠኑ አሳተምኩ፣ ኤምዲኤፍ የሚባል የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ፣ በቀጭን መጋዝ ቆረጥኩ። የእያንዳንዱ ፊደል ጠርዝ ቀጥ ብሎ መቆም የለበትም። ወደ ውጭ ትንሽ መተኛት አለበት። ቀጥ ካለ ኮንክሪቱ ሲወጣ ጎማውን ይዞ ይጎትታል፣ ወይ ፊደሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ዳሩን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አጋድሜ ሞረድኩት።

ያስቸገሩት ‹ው› እና ‹መ› ናቸው። ዓይናቸው ዝግ ነው። በጎማው ሞልድ ላይ ያ ዓይን ለብቻው የቆመ ትንሽ ምሰሶ ይሆናል። ምሰሶው ከቀጠነ ኮንክሪቱ ሲፈስበት ይታጠፋል፣ ፊደሉም ይደፈናል። የሁለቱን ዓይን ከሌላው ፊደል ሰፋ አደረግኩት። የ‹ሥ›ን ጭረትም ትንሽ አወፈርኩ። ጽሑፉ ላይ ዓይን የለመደ ሰው ልዩነቱን አይቶ እንዳይከፋ ለቀሲስ አሳየሁ። «ይነበባል» አሉ።

ቅዳሜ

ኤምዲኤፍ እርጥበት ይይዛል። የምንጠቀመው ዩሪቴን የሚባል ጎማ ደግሞ እርጥበት አይወድም፤ አረፋ ይሆናል። እንጨቱን ቫርኒሽ ደጋግሜ ቀባሁ፣ ሲደርቅ ሰም አሸሁበት። ጎማው ሁለት ፈሳሽ ነው። በሚዛን ተለክቶ ይቀላቀላል። ሲፈስ ከአንድ ጥግ ብቻ፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ በቀጭኑ ነው። ቀጭን ሆኖ ሲወርድ አየሩ መንገድ ላይ ይፈነዳል። ጥግ ላይ የጀመረው ራሱ እየሄደ ፊደሎቹን ይሸፍናል። እንዲያድር ተውኩት።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

አዳራሽ ውስጥ ስለ ቮልት አስረዳ ተብዬ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ የአንዲት እናት ነበር፦ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ግዴታ ነው እንዴ?»

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው በደንብ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። በአብዛኛው አሜሪካ ቮልት ግዙ የሚል ሕግ የለም። የሚያስገድደው መካነ መቃብሩ ነው። ምክንያቱም የእንጨት ሣጥን በጊዜ ብዛት ይደረመሳል፣ በላዩ ያለው መሬት ይሰምጣል። እዚህ መቃብሩ ሣር ነው። ትልልቅ የሣር ማጨጃና የቁፋሮ ማሽን በላዩ ይሄዳል። መሬቱ እኩል እንዲሆን ይፈልጋሉ። ለዚያ ደግሞ ላይነር የሚባለው ተራው የኮንክሪት ሣጥን ይበቃል። ቮልት የሚባለው የላስቲክ ወይም የብረት ልባስ ያለው፣ አፉ የሚታሸገው ነው። ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል፤ ነሐስ ወይም መዳብ የለበሰው ከአሥር ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል።

ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የቀብር ሕግ አለ። ቀባሪ ቤቱ ሣጥኑን ከማሳየቱ በፊት የዋጋ ዝርዝሩን በጽሑፍ የማሳየት ግዴታ አለበት። ቮልቱ አስከሬኑን ለረጅም ጊዜ ጠብቆ ያቆያል ብሎ መሸጥ ክልክል ነው። የአሜሪካ የቀብር ሥራ ባለቤቶች ማኅበር በ2023 ባወጣው አኃዝ መካከለኛው የቀብር ወጪ ያለ ቮልት 8,300 ዶላር፣ ከነቮልቱ 9,995 ነው። ልዩነቱ 1,695 ዶላር ነው። ለእድር ይሄ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው «ለእናትህ የተሻለውን አትመርጥም?» ሲባል እምቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ ዋጋውን የሚጠይቀው ቤተሰቡ ሳይሆን ከእድሩ የተወከለ ሰው ይሁን። ዝርዝሩን በእጁ ይያዝ፣ «መካነ መቃብሩ የሚቀበለው ትንሹ የትኛው ነው?» ይበል። የአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ ካለ ደግሞ በብሔራዊ የወታደሮች መካነ መቃብር ላይነሩን የሚችለው መንግሥት ነው።

ይህን ስናገር የምሠራበትን ቤት የምጎዳ የመሰላቸው ነበሩ። አለቃዬ ራሷ ናት እንዲህ ብለህ ንገር ያለችኝ። አያቷ ላይነር ለጠየቀ ሰው ቮልት እንሸጣለን ብለው አያውቁም፤ ቤቱም በዚያው ቀጥሏል።

ቀሲስ ሌላ ነገር አነሡ፦ «አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህ ተብሎ የለም ወይ? ኮንክሪቱ ከአፈር አይለየንም?» መልሱ አለ። ብዙ ላይነር ታችኛው ወለሉ ላይ ቀዳዳ አለው፣ ውሃው ይወጣል፣ አፈሩ ይገናኛል። ጭራሽ ወለል የሌለውም አለ፤ ጉልላት ሆኖ ከላይ ይደፋል። ይሄኛውን ብዙ ጊዜ የሚያዙት ሙስሊሞችና አይሁዶች ናቸው። ሙስሊም ወገኖቻችን በከፈን፣ በቀኝ ጎን፣ ፊት ወደ ቂብላ ሆኖ መሬት ላይ መተኛት ይፈልጋሉ። መካነ መቃብሩ ኮንክሪት ካለ የሚያስታርቃቸው ወለል የሌለው ነው። ለእኛም ይሆናል። ማንም ስለማይነግረን ነው የማንጠይቀው።

ሰኞ

ጎማው ተላቀቀ። ፊደሉ ተገልብጦ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ‹ው› ዓይኖቹ ቆመዋል።

ማክሰኞ

ለሙከራ ትንሽ ሰሌዳ ሞላሁ። እዚህ የምንሠራው ለ5,000 ፒ.ኤስ.አይ ነው፤ ፒ.ኤስ.አይ እዚህ አገር የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካበት ነው። አገር ቤት ለሶሌታ ሲ-25 የምንለውን ለሚያውቅ፣ ይሄ ወደ 35 ሜጋፓስካል ይጠጋል። ሚስጥሩ ውሃው ላይ ነው። ሠራተኛ ሁሉ ኮንክሪት እንዲፈስለት ውሃ መጨመር ይወዳል። በተጨመረው ውሃ ልክ ጥንካሬው ይወርዳል። እኛ ውሃውን ቆጥበን ማለስለሻ ኬሚካል እንጨምራለን።

ክዳኑ የሚሞላው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ነው። ጎማው ከታች ይነጠፋል። መጀመሪያ ጠጠር የሌለውን ልቁጥ በብሩሽ እያንዳንዱ ፊደል ውስጥ ማሸት ያስፈልጋል። ‹ዚ› እግሩ ሥር፣ ‹ኒ› ጫፉ ላይ አየር ይደበቃል። ብሩሹን ጫን አድርጎ ማዞር እንጂ መቀባት አይበቃም። ከዚያ ኮንክሪቱ ይከተላል። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ አረፋው ወደ ላይ ይወጣል። አረፋ መውጣቱ ሲያልቅ ይቆማል። ከዚያ በላይ ካንቀጠቀጡት ጠጠሩ ወደ ታች ይሰምጣል።

ረቡዕ

ሰሌዳው ወጣ። አሥራ ዘጠኙም ይነበባሉ። አሮጌው ባለቤት ጣታቸውን በ‹ግ› ላይ አስኬዱ። ይሄ ፊደል ስንት ዓመቱ ነው ብለው ጠየቁኝ። አክሱም ላይ ከ1,600 ዓመት በፊት የተቀረጸ ድንጋይ አለ አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና እሳቸው በተራቸው የቮልትን ታሪክ ያወሩልኝ ጀመር።

ነገሩ የጀመረው በሌባ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕክምና ትምህርት ቤቶች አስከሬን ይፈልጉ ነበር። ሌሊት መቃብር ቆፍሮ የሚሸጥላቸውም አልጠፋም። በ1878 ኦሃዮ ውስጥ የጆን ስኮት ሃሪሰን አስከሬን ከመቃብሩ ተሰርቆ ሲንሲናቲ አንድ የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ተገኘ። ሰውየው የፕሬዚዳንት ልጅ ነበር፤ ልጁ ቤንጃሚንም ኋላ ፕሬዚዳንት ሆኗል። የእሱ መቃብር ካልተጠበቀ የማን ይጠበቃል ተባለ። ሀብታሞች መቃብራቸውን በብረትና በድንጋይ ማሠራት ያዙ። በ1898 ኮሎምበስ ኦሃዮ ክላርክ የሚባለው ድርጅት የብረት ቮልት መሥራት ጀመረ። ኮንክሪት የመጣው ለሌላው ሰው ነው፤ ርካሽ ነው፣ በየከተማው ይሠራል፣ ከባድ ስለሆነ ከሩቅ ማጓጓዝ አያዋጣም። ቮልት ቤቶች በየአካባቢው የቤተሰብ ሥራ ሆነው የቀሩትም በዚሁ በክብደቱ ምክንያት ነው።

ከዚያ ስለ ጎርፍ አወሩ። በ1993 ሚዙሪ ወንዝ ሞልቶ በሃርዲን ከተማ ካለው መካነ መቃብር ከ700 በላይ መቃብሮችን ጠርጎ ወሰደ። ቮልትም ተንሳፏል። ሰው ከባድ ነገር አይንሳፈፍም ይላል፣ ግን ሒሳቡን እንሥራው። የቮልቱ የውጭ ይዘት አንድ ተኩል ሜትር ኩብ ያህል ነው። ስለዚህ 1 ቶን ተኩል ውሃ ያፈናቅላል። ከነሬሳ ሣጥኑ ግን ወደ 1.3 ቶን ነው። አፉ ከታሸገ ውስጡ አየር ነው። በላዩ ያለውን አፈር ጎርፍ ካጠበው ይነሳል። «ውሃ አያስገባም» የሚለው ማስታወቂያ ይህን አይነግራችሁም። ወንዝ ዳር ለሚቀበር ሰው ቀዳዳ ያለው ላይነር ይሻላል ባይ ነኝ።

ዓርብ

ሙሉው ክዳን ተሞላ። ፌሮና ሽቦው ገብቷል። በላስቲክ ሸፍነን ማሞቂያውን ከፍተን ሄድን። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ኮንክሪት ደግሞ ሲበርደው ይተኛል።

ቅዳሜ

ወጣ። ከቀለም በፊት ግራጫውን እንዳለ ማየት ወደድኩ። መስቀሉን ነጭ ቀባነው፣ ፊደሉን ሳንቀባ ተውነው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ክዳኑ በሁለቱም አቅጣጫ ይገጥማል። መኪናው ላይ ያሉት ልጆች ግእዝ አያነቡም። በእኛ ሥርዓት የሟች ራስ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጌታ ሲመጣ ወደ ምሥራቅ እያየ እንዲነሣ። መስቀሉ ከራስጌ መዋል አለበት። በክዳኑ ጎን በራስጌ በኩል ቀስት በቢጫ ቀለም ቀባሁ። ሠራተኞቹንም አሳየኋቸው። ቀብሩ ሲያዝም መካነ መቃብሩን «ጉድጓዱ በየት በኩል ነው የሚቆፈረው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የቆዩ መካነ መቃብሮች ምሥራቅ ምዕራብ ናቸው፣ አዳዲሶቹ ግን እንደ መንገዱ ይጠማዘዛሉ።

ሐሙስ

ክዳኑ ዛሬ ሥራ ላይ ዋለ። ቤተሰቡ ፈቅደው ነው የምጽፈው፣ ከዚህ በላይ ስለ ሟች አልናገርም።

ጠዋት ቀድመን ደረስን። ሣሩ እንዳይቦጫጨቅ ጣውላ ተነጠፈ፣ ቮልቱ ወረደ። የቮልቱ አፍ ዙሪያውን ቦይ አለው፣ የክዳኑ ምላስ እዚያ ይገባል። በቦዩ ውስጥ ቡቲል የሚባል ጥቁር የሚያጣብቅ ገመድ ይተኛል። ብርድ ሲሆን ይደርቃል፣ አይያያዝም። ስለዚህ ከሾፌሩ ጋር ጋቢና ውስጥ ሞቆ ነው የመጣው።

እዚህ አገር ልማዱ ጸሎቱ ሲያልቅ ቤተሰብ ወደ መኪናው ይሄዳል፣ ሣጥኑ የሚወርደውና ክዳኑ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ሰው አፈር ሳያለብስ አይሄድም። አለቃዬ ይህን ቀድማ ለመካነ መቃብሩ ነግራ ሰዓት አስጨምራለች። ፍትሐቱ አለቀ። ሣጥኑ ወረደ። ክዳኑ በሰንሰለት ተነሣ፣ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ቀስቱ ወደ ራስጌ መጣ። ከጉድጓዱ አፋፍ የቆሙ አንድ አባት ጮክ ብለው አነበቡት። ከኋላ የነበረው ሰው «ምን ይላል?» እያለ ተጠጋ። ከዚያ ልጆቹ አፈር አነሡ፣ ከእነሱ ቀጥሎ እድርተኛው። አካፋ በቂ አልነበረም፤ ለሚቀጥለው ከመኪናችን ላይ ተጨማሪ አካፋ ይጫናል ብዬ ለአለቃዬ ነግሬያታለሁ። እሺ ብላለች።

ዓርብ

የቀሩ ሥራዎች። የፕሮቴስታንት ቤተሰቦች በአማርኛ ጽሑፍ ይሁንልን ብለዋል፤ ጥቅሱን እስኪልኩ እየጠበቅኩ ነው። ሙስሊም እድርተኞች ወለል በሌለው ጉልላት ላይ ጽሑፍ አይፈልጉም፣ የጠየቁት የማንሻ እጀታ ነው። እሱን በፌሮ ሠርቼ ለሠራተኞቹ አሳያለሁ። የጎማው ሞልድ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ፀሐይ በማይነካው መደርደሪያ ላይ ተዘርግቶ ተቀምጧል። ታጥፎ ከተቀመጠ ቅርጹን አይመልስም። የንድፉን ወረቀት በትክክለኛ መጠኑ አስቀምጫለሁ። የፈለገ እድር በነጻ ይወስዳል፣ ኤምዲኤፉን ለመቁረጥም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ አለሁ።